ከጅማ እስከ ጋላፊ፦ መኪናውን የሚያቆመው መንገዱ ነው ወይስ ወረቀቱ?

የማና አቅራቢ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ስለ ጎረቤት አገሮች ንግድ እዚህ ከሚጻፈው የማነበው አብዛኛው ነገር ስለ ወደብና ስለ አዳዲስ መንገዶች ነው። እኔ ከራሴ ኪስ ካስወጣኝ አንድ ገጠመኝ ተነሥቼ ዝቅ ያለ ጥያቄ ላቅርብ።

ማና ወረዳ ውስጥ ቡና ማቅረብ ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ላኪነትን የተዳፈርሁት ግን በቅርቡ፣ ከሁለት ዘመዶቼ ጋር ሆኜ ነው። ሁለተኛው ኮንቴይነራችን 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በጠቅላላው 19.2 ቶን ያልታጠበ የጅማ ቡና ነበር፤ በለመድነው ሚዛን ሲመነዘር ከ1,100 ፈረሱላ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ተበጥሮ፣ ተቀምሶ፣ የጥራትና የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ ተሟልቶ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ታሽጎ ወጣ። ሐሙስ ረፋድ ላይ የጅቡቲ ድንበር ላይ ካለችው ጋላፊ ደረሰ። መርከቡ ጭነት መቀበል የሚያቆመው ቅዳሜ ስለነበር እኔ በሐሳቤ ኮንቴይነሩን ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ አድርሼው ነበር።

ጋላፊ ላይ መኪናውን ያስቆመው አንድ አኃዝ ነው። በሩ ላይ የተቆለፈው የጉምሩክ ማኅተም የመጨረሻ ቁጥሩ 3 ሲሆን፣ ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ ሰነድ) ላይ 8 ተብሎ ተመዝግቧል። ማኅተሙ አልተነካም፤ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ ክብደቱ፣ የጆንያው ብዛት፣ የመኪናው ሰሌዳ ሁሉም ልክ ነው። ሆኖም ስህተቱን ማረም የሚችለው ሰነዱ የወጣበት ቅርንጫፍ ብቻ ነው ተባለ። ደብዳቤ ተጻፈ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ቅዳሜና እሑድ መጣ፤ ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ 8 የነበረው 3 ሆነ። መርከቡ ሄዷል። በቀጣዩ መርከብ ቦታ የተገኘው ከ11 ቀን በኋላ ነው።

ቡና ደግሞ ብረት አይደለም። ሲጫን እርጥበቱ 11 በመቶ ገደማ የነበረ ቡና በዝግ ኮንቴይነር ውስጥ ሆኖ የጅቡቲን ፀሐይ ሲሞቅ ከዋለ እርጥበቱ ይተንናል፤ ሌሊት የጣሪያው ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ውኃ ሆኖ በላይኛው ረድፍ ጆንያ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ግድግዳውንና ጣሪያውን በወፍራም ወረቀት ስለሸፈንነው ከሻጋታ ተርፈናል፤ ከገዢው ቅናሽ ግን አልተረፍንም። ጭነቱ ዘገየ ብሎ ከዋጋው ቀነሰብን፣ ዶላሩ እስኪገባ የባንክ ወለዱ መቁጠሩን ቀጠለ፣ ጀንፈል በዱቤ ለሰጡኝ ገበሬዎችም ቀሪ ሒሳባቸውን በቀጠሮው ቀን ማድረስ አልቻልሁም። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ቤቴ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ቡናው ከደረሰ ገንዘቡ የት ቆመ?» ሲሉኝ፣ ስለ ሦስትና ስለ ስምንት ማስረዳት አፈርሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ድንበር ላይ የምናጠፋው ቀን ምን ያህሉ የመንገድና የወደብ ችግር ነው፣ ምን ያህሉስ የወረቀት? በሞያሌ ወይም በጋምቤላ በኩል የሞከራችሁ ካላችሁ እዚያስ እንዴት ነው?

ባለ ተሳቢው (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡40)

ወንድሜ፣ የደረሰብዎትን አንብቤ አዘንሁ፤ ለእኛ ለሾፌሮች ግን አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ መስመር 19 ዓመት ነድቻለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ እያንዳንዱን ምልልስ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ያለፈውን ምልልስ እንደተጻፈ ላስቀምጥልዎ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊቱን ተኝቼ በቀን ብቻ ብነዳ ሁለት ቀን ይበቃኛል፤ መመለሻውም ጭነት ስላለው ትንሽ ቢረዝም ሦስት ቀን ነው። ያ ጉዞ ግን በጠቅላላው 12 ቀን ፈጅቷል። ጎማው የተሽከረከረው አምስት ቀን ሲሆን ሰባቱን ቀን ቆሜአለሁ። ከሰባቱ አንዱ ጎማ ፈንድቶብኝ ሚሌ ላይ ያደርሁበት ነውና የእኔ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ጅቡቲ ውስጥ ፒኬ 12 በሚባለው የጭነት መኪኖች ማቆያ ተራ የጠበቅሁባቸው ናቸው። የቀሩት አራቱ የወረቀት ናቸው፤ ሁለቱ ሲወጣ፣ ሁለቱ ሲገባ።

ጋላፊ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገር። ሞተር ይጠፋል፤ ነዳጁ የባለንብረቱ ነውና ለማቀዝቀዣ ብሎ የሚያስነሣ የለም። ካርቶን ተሳቢው ሥር እናነጥፋለን፤ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ረዳቱ በጀሪካን ውኃ ፍለጋ ይሄዳል። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲዞር እኛም ካርቶናችንን እየጎተትን አብረን እንዞራለን። በዚህ መካከል ወረቀቱ የት እንደደረሰ የሚነግረን የለም። «ነገ ያልቃል» የተባለ ሰው ምግቡንም ውኃውንም ለነገ ያደርሳል፤ «አላውቅም» የተባለ ሰው ግን ምን ያድርግ? እኔ ሦስት ቀን ትቆማለህ ብለው በእርግጠኝነት ቢነግሩኝ፣ ምናልባት ዛሬ ምናልባት የዛሬ ሳምንት ከሚሉኝ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሕዝቡ የጭነት ታሪፍ የሚወደደው በነዳጅ ምክንያት ብቻ ይመስለዋል። ባለንብረቱ የሚያሰላው በምልልስ ነው። በወር ሦስት ጊዜ ይመላለስ የነበረ መኪና ሁለት ጊዜ ብቻ ከተመላለሰ፣ የባንክ ዕዳው፣ የእኔ ደመወዝ፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ በሁለቱ ላይ ይከፈላል። ስንመለስ የምንጭነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ ነው። እንግዲህ የጋላፊ ቆይታ ሰቃ ወይም ጌራ ያለ ገበሬ በሚገዛው ማዳበሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ደረሰኙ ላይ ግን አይጻፍም።

ትራንዚተር ጅማ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡25)

ሥራዬ የጉምሩክ ሰነድ ማስፈጸም ስለሆነ በጉዳዩ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ፣ ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ቀደም ሲል አንድ ፈቃድ ለማግኘት ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ወረቀት ታቅፈን እንዞር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ይህን በእጅጉ ቀንሶልናል። ዛሬ ጅማ ተቀምጬ ማመልከቻ አስገባለሁ። ችግሩ መስኮቱ የሚከፈተው በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። እኔ እዚህ የሞላሁት መረጃ መኪናው ከመድረሱ በፊት ለጎረቤት አገር ጉምሩክ በራሱ ቢደርስ፣ እዚያ ያለው ባለሙያ ጭነቱ ገና አዋሽን ሳይሻገር ሊመረምረው ይችል ነበር። አሁን ግን አንዱ ጭነት ድንበሩ ሲሻገር እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ሁለት ጊዜ በተጻፈ ቁጥር ደግሞ ሁለት የስህተት ዕድል አለ።

ወደ ሦስትና ስምንት ልምጣ። አቅራቢው ያጋጠማቸው የጽሕፈት ስህተት ይባላል፤ ዕቃን ከመደበቅ ወይም ዋጋን ከማሳነስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የጋላፊው መርማሪ ማኅተሙን በዓይኑ አይቶ፣ ሌላው ሁሉ ልክ መሆኑን አረጋግጦ፣ «ይህ የጽሕፈት ስህተት ነው» ብሎ መዝግቦና ፈርሞ ማሳለፍ የሚችል ብቁ ሰው ነው። ለምን አያደርገውም? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዛሬ አሳልፎ ነገ ኦዲት ሲመጣ፣ «በማን ሥልጣን ቁጥር ቀየርህ?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ብቻውን ነው። መኪናውን አራት ቀን ስላቆመ ግን የሚጠይቀው የለም። ማሳለፍ የሚያስጠይቅ፣ ማቆም የማያስጠይቅ ከሆነ፣ እኔም እሱ ቦታ ብቀመጥ አቆማለሁ። መፍትሔው ስለዚህ መርማሪውን መውቀስ ሳይሆን፣ የትኞቹ ስህተቶች በቦታው እንደሚታረሙ በዝርዝር የሚናገር፣ ያረመውንም ሰው ከተጠያቂነት የሚጠብቅ ግልጽ መመሪያ በእጁ ማስያዝ ነው። በእኔ ግምት ይህ አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ኪሎ ሜትር አስፋልት ያወጣል።

የኬላ ሰው (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

በጡረታ ላይ ያለሁ የቀድሞ የጉምሩክ ሠራተኛ ነኝ፤ አገልግሎቴ በምሥራቅም በደቡብም ነበር። ከላይ የተጻፈው በአክብሮት የተጻፈ ስለሆነ እኔም በአክብሮት ልቃወም።

የማኅተም ቁጥር ተራ አኃዝ አይደለም፤ የኮንቴይነሩ ቁልፍ ነው። ወንጀለኛ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። መንገድ ላይ ማኅተሙን ይቆርጣል፣ ዕቃውን ይለውጣል፣ ተመሳሳይ መልክ ያለው ሌላ ማኅተም ይቆልፋል። ያኔ የሚያጋልጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። አጭበርባሪም እንደ ንጹሑ ነጋዴ «የጽሕፈት ስህተት ነው» ነው የሚለው፤ እንዲያውም እሱ ይበልጥ በትሕትና ይናገራል። ቡና ከዋነኞቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮቻችን አንዱ ሆኖ ሳለ ስንት ጆንያ በኮንትሮባንድ እንደሚወጣ እዚህ ጅማ ያለ ሰው አያጣውም። ኬላ ሲላላ መጀመሪያ የሚጎዳው ግብሩን ከፍሎ፣ ምስክር ወረቀቱን አሟልቶ የሚሠራው እንደ አቅራቢው ያለ ሰው ነው፤ ያልከፈለው ገበያውን ይቀማዋልና።

ስለዚህ «ማቅለል» ሲባል ማን ላይ ያለው ሸክም እንደሚቀልል ተለይቶ ይነገር።

ትራንዚተር ጅማ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15)

ጋሼ፣ በቁጥሩ አስፈላጊነት ላይ አንድ ነን። የምንለያየው ጥርጣሬ ሲፈጠር ቀጥሎ በሚደረገው ነገር ላይ ነው። እርስዎ የገለጹት ወንጀል እንዳለ ቢጠረጠር ትክክለኛው እርምጃ ኮንቴይነሩን እዚያው ከፍቶ ማየት ነው፤ በግማሽ ቀን እውነቱ ይታወቃል። ያልተደረገው ይህ ነው። ኮንቴይነሩ አልተከፈተም፤ ደብዳቤ ነው የተጠበቀው። ደብዳቤው የመጣው ኮንቴይነሩን በዓይኑ ካላየ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከተቀመጠ ሰው ነው። ታዲያ አራቱ ቀን ኮንትሮባንድን በምን ከለከለ?

የጉምሩክ ሕጋችንም እኮ ሁሉንም ጭነት በእኩል ዓይን እይ አይልም። አዋጅ ቁጥር 859/2006 በሥጋት ላይ የተመሠረተ ምርጫን መሠረት አድርጎ ነው የተጻፈው፤ በተግባርም አረንጓዴ (በቀጥታ የሚያልፍ)፣ ቢጫ (ሰነዱ የሚታይ) እና ቀይ (ዕቃው የሚፈተሽ) መስመር የምንለው ለዚሁ ነው። ማኅተም ሲቆለፍ ቁጥሩ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ ተነሥቶ ከዲክላራሲዮኑ ጋር በሲስተም ቢያያዝ፣ የጋላፊው መርማሪ ቁጥሩን ከጽሑፉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፎቶው ጋር ያመሳክራል። አጭበርባሪው የቀየረው ማኅተም ከፎቶው ጋር አይገጥምም፤ የአቅራቢው ግን ይገጥማል። የጋሼም ሥጋት፣ የአቅራቢውም ሥጋት በአንድ ፎቶ ይቃለላል።

ጎረቤቶቻችን በዚህ ቀድመውናል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የጉምሩክ ክልል የሚባለውን አሠራር ሲጀምር፣ ወደ ኡጋንዳ የሚሄድ ዕቃ ሞምባሳ ላይ እንዳለ የኡጋንዳ ቀረጥ ተሠልቶ ያልቃል፤ መንገድ ላይ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ማኅተም ይከታተሉታል። ከሞምባሳ ካምፓላ 18 ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረው ጉዞ ከሳምንት በታች የወረደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ እኮ ያው የድሮው መንገድ ነው።

የኮረሪማዋ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡50)

እናንተ የምታወሩት ስለ ኮንቴይነር ነው፤ እኔ ነጋዴዋ ሴት ግን በኩንታል ነው የምቆጥረው። ቢሆንም ጉዳዩ አንድ ስለሆነ ልግባ።

ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና አንዳንዴም ማር ከጅማ ዙሪያ ገዝቼ በአጋሮ፣ በበደሌና በመቱ አድርጌ ጋምቤላ አደርሳለሁ። ከጎሬ በኋላ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው ሲወረድ አየሩ ሲለወጥ ማሩም ይቀጥናል፤ ክዳኑ ካልጠበቀ ጆንያው ሁሉ ማር በማር ይሆናል። ጋምቤላ ገበያ ላይ ከሚገዙኝ መካከል ከደቡብ ሱዳን የሚመጡ ሴቶች አሉ። እነሱ የገዙትን ተሸክመው፣ በሞተርም በጀልባም ይመለሳሉ። አንዷ ደንበኛዬ ከሁለት ዓመት በላይ ትመጣለች፤ አንድም ቀን ወረቀት የሚባል ነገር በመካከላችን አልተጻፈም። እኔ ኮንትሮባንዲስት ነኝ? አገር ውስጥ ነው የሸጥሁት። እሷስ? ለልጆቿ ማብሰያ ነው የገዛችው፣ ትርፉን ደግሞ ለጎረቤቷ ትሸጣለች።

ነገሩ ሕጋዊ ይሁን ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ የሚያስፈልጉ ሰነዶች ዝርዝር ለሃያ ቶን ጭነትም ለሁለት ኩንታልም አንድ ነው። የላኪ ፈቃድ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ ሌላም ሌላም። ወጪውን ስደምረው ከኮረሪማው ዋጋ በለጠ። ተውሁት። የኬላው ጋሼ «ማን ላይ ያለው ሸክም» ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ላይ ያለውን ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።

ገንዘቡም ሌላ ጣጣ ነው። ደንበኛዬ በብር ትከፍለኛለች፤ ብሩን ከየት እንደምታገኘው አልጠይቃትም፤ ምንዛሪው በተናወጠ ቁጥር ግን ወይ እሷ ትቀራለች ወይ እኔ ዋጋ እቀንሳለሁ።

ትራንዚተር ጅማ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30)

እቴ፣ ያነሡት ነገር እኛ ባለ ኮንቴይነሮቹ የምንረሳው ነው። በኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አገሮች መካከል ለእንደዚህ ያለ አነስተኛ ንግድ ተብሎ የተዘጋጀ ቀላል የንግድ ሥርዓት አለ። ሁለቱ አገሮች የሚስማሙበት የዕቃ ዝርዝር ይወጣል፤ ከተወሰነ ዋጋ በታች፣ በብዙዎቹ አገሮች ከ2,000 ዶላር በታች፣ ለሆነ ጭነት አንዲት አጭር ቅጽ ብቻ ይሞላል፤ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱም እዚያው ድንበር ላይ በቀላሉ ይሰጣል። ለእርስዎ መስመር ግን አንድ እንቅፋት አለው፤ ደቡብ ሱዳን የኮሜሳ አባል አይደለችም። እሷ እ.ኤ.አ. በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ተቀላቅላለች፤ እኛ ደግሞ የዚያ አባል አይደለንም። ሁለታችንም አባል የሆንበት ኢጋድ ነው፤ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠናን ስምምነትም ሁለታችንም ፈርመናል። ስለዚህ ለጋምቤላ የሚበጀው የሁለቱ አገሮች የጠረፍ ንግድ ስምምነት ሲሆን፣ ከኮሜሳ መቅዳት የሚገባው የቅጹን ማጠር ነው።

ሂርማታ ሐሙስ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ።

እቴ የኮረሪማዋ የሚመላለሱበት መስመር አዲስ አይደለም። አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት ባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቅደው ነበር፤ ጋምቤላ የንግድ ከተማ የሆነችው በዚያ ነው። የኢሉባቦርና የአካባቢው ቡና በጎሬ በኩል በበቅሎ ይወርድና፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በሚመጡ የእንፋሎት ጀልባዎች ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል ጀልባ አይመጣም። ነጋዴው ግን ወንዙ መቼ እንደሚሞላ ያውቃል፤ ቡናውን በዚያው ልክ ያደርሳል። ባለ ተሳቢው «የተቆረጠ ቀን ይሻለኛል» ያለው ነገር ይህን አስታወሰኝ። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው ለእኛ ተመለሰ፤ የጀልባው ንግድም አብሮት ከሰመ።

ኬላ የሚለው ቃልም ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም። በአባ ጅፋር ዘመን ወደ ጅማ የሚያስገቡት መንገዶች ላይ ኬላዎች ነበሩ፤ ሲራራው ነጋዴ ቀረጡን ከፍሎ ወደ ሂርማታ ገበያ ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን ስለነበሩት ቀረጦች ብዛት ነጋዴዎች ምሬት አላቸው እንጂ፣ «የበቅሎዋ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ካለው አይገጥምም» ተብሎ የቆመ ሲራራ መኖሩን አላነበብሁም። (ይቺን ለቀልድ ጨመርኋት፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።)

የማና አቅራቢ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡20)

መምህር፣ ሳቅሁ፤ አመሰግናለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ተሳቢው ሞያሌን ካወቁት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ናይሮቢ ያለ አንድ ሰው ተቆልቶ የታሸገ ቡና በትንሽ በትንሹ እንድልክለት ጠይቆኛል፤ ለዚያ መጠን ጅቡቲ ወርዶ በባሕር ዞሮ ሞምባሳ መግባት ትርጉም አይሰጠኝም።

ባለ ተሳቢው (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45)

ሞያሌ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መንገዱን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም፤ በእኛም በኩል እስከ ሞያሌ፣ በእነሱም በኩል ከሞያሌ በማርሳቢት ኢሲዮሎ ድረስ አስፋልት ነው። ያ የኬንያው 500 ኪሎ ሜትር ድሮ መኪና የሚበላ ኮረኮንች እንደነበር ሽማግሌ ሾፌሮች ይተርካሉ። የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያም ኅዳር 30 ቀን 2013 በሁለቱ መሪዎች ተመርቋል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ከእኛ የሚወጣ መኪና በእኛ በኩል አይቆምም፤ ተሻግሮ በእነሱ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም አገር ባለሙያዎች ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። ከእነሱ የሚመጣው ደግሞ በእኛ ግቢ። አንድ ጊዜ ነው የሚቆመው።

እኔ በሄድሁባቸው ጊዜያት ግን ጭነቱ ከእኔ ተሳቢ ወደ ኬንያ መኪና ተገልብጧል። ጫኝና አውራጅ ተደራድሮ፣ ጆንያ እየተወረወረ፣ አንዳንዱም እየተቀደደ ሙሉ ቀን ፈጀ። ተሻግሮ መንዳት ራሱ ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። እኛ በቀኝ እንነዳለን፣ እነሱ በግራ፤ ድንበሩ ላይ መስመር ትቀይራለህ፣ መሪህ ግን ያው በግራ ነው፤ ለመቅደም ስትፈልግ ከፊትህ ያለውን የሚያይልህ ረዳቱ ነው። ለተቆላ ቡና በትንሽ መጠን ከሆነ ተገልብጦ ቢሄድም ብዙ አይጎዳዎትም፤ ካርቶኑ ጠንካራ ይሁን ብቻ።

የኬላ ሰው (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10)

በጋራ ጣቢያው ላይ አንድ የማይታይ ነገር አለ። ሕንፃው ቀላሉ ነው። የእኛ መርማሪ በሌላ አገር መሬት ላይ ቆሞ የእኛን ሕግ እንዲያስፈጽም፣ ዕቃ እንዲይዝ፣ ሰው እንዲያቆም የሚያስችል ሕግ በሁለቱም ወገን ያስፈልጋል፤ ያ ሳይኖር ጎን ለጎን መቀመጥ ጉርብትና ብቻ ነው። በእኔ ዘመን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነበር።

ስለ ፎቶው አስቤበታለሁ። ማኅተሙ ሲቆለፍ የተነሣ፣ ቀኑና ቦታው በሲስተሙ በራሱ የሚመዘገብ፣ ትራንዚተሩ ሳይሆን መርማሪው ራሱ ያነሣው ከሆነ አልቃወምም። በትራንዚተር ስልክ የተነሣ ከሆነ ግን እቃወማለሁ፤ ትራንዚተር ጅማ ቅር እንዳይላቸው።

ትራንዚተር ጅማ (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡50)

ቅር አላለኝም፤ እኔም እርስዎ ቦታ ብሆን በትራንዚተር ስልክ አላምንም። መርማሪው ያንሣው።

ለአቅራቢው አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤት አገር አቋርጦ የሚያልፍ ጭነት ቀረጡ ሳይከፈል እዚያው እንዳይቀር የገንዘብ ዋስትና ይጠየቃል፤ በእያንዳንዱ አገር ለየብቻ ከሆነ ገንዘብዎ በየድንበሩ ታስሮ ይውላል። ኮሜሳ በአንድ ዋስትና ብዙ አገር የሚታለፍበት ሥርዓት አለው፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሩዋንዳ መስመር በሰፊው ይሠራበታል። ለመኪናውም እንዲሁ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው የሦስተኛ ወገን መድን ሥርዓቱን በተቀበሉት አገሮች ሁሉ ይሠራል። ሞያሌን ሲያስቡ ባለመኪናው ቢጫ ካርድ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ድንበር ላይ ደርሶ መግዛት ሌላ አንድ ቀን ነው።

የማና አቅራቢ (ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡30)

ሁሉንም ጻፍሁት። የናይሮቢውን በአሥር ካርቶን እሞክረዋለሁ። ሦስተኛው ኮንቴይነራችን ደግሞ በመጪው ሳምንት ይታሸጋል፤ ማኅተሙ ሲቆለፍ እኔው ራሴ ቆሜ ቁጥሩን ከዲክላራሲዮኑ ጋር አኃዝ በአኃዝ ጮክ ብዬ ላነብብ ወስኛለሁ። የአዛውንቱን ሒሳብ ትናንት ጨርሼ ከፍያለሁ፤ ተቀብለው ቆጥረው፣ «ያ የቆመው ገንዘብ ተነሣ?» አሉኝ።

ባለ ተሳቢው፣ ጭነት ካልያዙ ይህን ቡና እርስዎ ቢወስዱልኝስ?

ባለ ተሳቢው (ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡05)

እስከ ረቡዕ ነፃ ነኝ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውንም እኔው ልጫነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከተነሣን ግቤን ጎህ ሳይቀድ እንሻገራለን። ሲነበብ ግን ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ከወረቀቱ፣ አንዱ ከማኅተሙ። 3ና 8 በአቧራ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ ጨርቅ እኔ ይዤ እመጣለሁ።